ያላየሁት ስንብት

ውድ ወጣት ጸሐፊዎች፣

በቅርቡ ለጀማሪ ጋዜጠኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ልምዴን እንዳካፍል ተጠርቼ ነበር። ስለ ርዕስ አወጣጥና ስለ ቃለ መጠይቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለፈልፍ ግማሾቻችሁ ስልካችሁን ትነካኩ እንደነበር አይቻለሁ። አልተቀየምኩም፤ ማለቴ ብዙ አልተቀየምኩም። በመጨረሻ ከኋላ ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን አነሳችና «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ሁሉም ነገር በቪዲዮ አለ። ውድድሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልኬ ካየሁት፣ ሜዳው ላይ ነበርኩ ብዬ ብጽፍ ማን ይጎዳል?» አለችኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። «የሙያው ሥነ ምግባር አይፈቅድም» ብዬ ወደ ሚቀጥለው ጠያቂ አለፍኩ።

ልጄ፣ ያ መልስ አልነበረም፤ ሽሽት ነበር። ማታ ጋደም ስል የታየኝ የሥነ ምግባር መመሪያ ሳይሆን አንድ የጫማ ሣጥን ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ላንቺ ነው፤ ሌሎቻችሁም አንብቡት። ሰዓት አክብሩ፣ ስም ሦስት ጊዜ አረጋግጡ የሚለውን አልደግምም። ያንን እናቶቻችሁም ነግረዋችኋል።

ነገሩ የሆነው በ1997 ዓ.ም. ክረምት ነው። በሰኔ መጨረሻ የቡድን ስምንት አገሮች መሪዎች ስኮትላንድ ውስጥ ግሌንኢግልስ በሚባል ሆቴል ሲሰበሰቡ፣ የምሠራበት ጋዜጣ እኔን ላከኝ። የስፖርት ሰው ምን ሊሠራ ብትሉ፣ በዝግጅት ክፍሉ ቪዛ በጊዜ የደረሰለት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዋናው ጉዳይ የአፍሪካ ዕዳ ስረዛ ነበር፤ አገራችንም ዕዳቸው ይሰረዛል ከተባሉት 18 አገሮች አንዷ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ማምሻ ላይ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ ያውም በልደታቸው ቀን፣ ብስክሌት ሲነዱ ከአንድ ፖሊስ ጋር ተጋጭተው ወደቁ። ያንን ዜና ከዕዳው ዜና ቀድሜ እንደላክሁት አልክድም። በማግስቱ፣ ሰኔ 30 ቀን፣ ለንደን ውስጥ ባቡሮችና አውቶቡስ ላይ ቦምብ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ስለ ዕዳም ስለ ብስክሌትም የጠየቀ የለም።

ግሌንኢግልስ የታወቀው በፖለቲካ አይደለም፤ በጎልፍ ነው። በሆቴሉ ዙሪያ የጎልፍ ሜዳዎች አሉ። ሻይ ስንጠጣ አንድ የአገሩ ፎቶግራፍ አንሺ በጣቱ ወደ ሣሩ እያመለከተ «ከእነዚህ አንዱን የነደፈው ጃክ ኒክላውስ ነው፤ በሚቀጥለው ዓርብ ሴንት አንድሩስ ላይ ይሰናበታል» አለኝ። «እሱ ደግሞ ማን ነው?» አልኩት። ሰውየው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዐሥራ አምስት ዓመት የስፖርት ጋዜጠኛ ነኝ ብዬ ከነገርኩት አምስት ደቂቃ አልሞላም ነበር።

ለእኔ ጎልፍ የአምባሳደሮች ሽርሽር ነበር። በዱላ ሩር መምታት ከሆነ እኛም በልጅነታችን በገና ሰሞን ስንመታ ኖረናል፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ እስከ ዛሬ ምልክቱ አለ። የመታኝ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ እናቴ ልትከስ ብትነሳ ሽማግሌዎቹ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው መለሷት። ይሁንና የፎቶ አንሺው ፊት አሳፈረኝና ዳንዲ ከተማ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ዘንድ ሄጄ ስለ ሰውየው ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ከአራቱ ታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች 18 ጊዜ አሸንፏል፤ እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። ይበልጥ የገረመኝ ግን 19 ጊዜ ሁለተኛ መውጣቱ ነው። እንደዚያ ያህል ጊዜ አንድ ደረጃ ጎድሎበት በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ የሚመጣ ሰው ምን ዓይነት ልብ አለው አልኩ። በ1970 እ.ኤ.አ. ከአራቱ አንዱ በሆነው በብሪታንያ ኦፕን፣ እዚያው ሴንት አንድሩስ ላይ፣ ዳግ ሳንደርስ የሚባል አሜሪካዊ ዋንጫውን ለመውሰድ ሜትር ከማይሞላ ርቀት አንድ ኳስ ማስገባት ብቻ ቀርቶት ሳተ፤ በማግስቱ በተደረገው መለያ ኒክላውስ በአንድ ምት በለጠው። ስለ ሳንደርስ ለብቻው አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ነበር። አልጻፍኩም።

በ1997ቱ ክረምት ኒክላውስ 65 ዓመቱ ነበር። የሚሰናበትበትም ያው የብሪታንያ ኦፕን ነው፤ ያኔ የቀድሞ አሸናፊዎች በዚያ ውድድር ያለ ማጣሪያ የሚገቡት እስከዚያ ዕድሜ ድረስ ነበር። አንድ የስኮትላንድ ባንክ ፎቶግራፉ ያለበትን የአምስት ፓውንድ ኖት ሁለት ሚሊዮን አትሞ አውጥቶለታል። በሕይወት ያለ ሰው፣ ያውም የባዕድ አገር ሰው፣ ብር ላይ! የአክስቴ ልጅ አንዱን ከገበያ መልስ አግኝታ ሰጠችኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 8 ቀን፣ የአክስቴ ልጅ ከሥራ ባልደረባዋ ትኬት ለምና ላከችኝ። ሴንት አንድሩስ ትንሽ፣ ግራጫ ድንጋይ የለበሰች የባሕር ዳር ከተማ ናት። የጎልፍ ሜዳው ከከተማው ውጭ አይደለም፤ ኳሷ የምትገባበት የመጨረሻው ጉድጓድ ያለው ሰዎች ከሚኖሩበት ቤት መስኮት ሥር ነው ማለት ይቻላል። ነፋሱ ከባሕሩ ይነፍሳል፣ የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። ዓርብ ስለነበር እኔ ድንቹን ብቻ በላሁ።

አየሁት። ይህን በእውነት አይቻለሁ። ቀይ እጅጌ አልባ ሹራብ ከነጭ ሸሚዝ በላይ ለብሷል፤ ወርቃማ የነበረው ፀጉሩ ነጥቷል። ኳሷ ላይ ጎንበስ ሲል ጊዜ ይቆማል፤ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ትንፋሹን ይዟል፣ ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ ይነካታል። አብረውት ሁለት ተጫዋቾች ነበሩ፤ ለዘመናት ተፎካካሪው የነበረው ቶም ዋትሰንና ሉክ ዶናልድ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ። ዱላዎቹን የተሸከመለት አንድ ጎልማሳ ከጎኑ ይራመዳል። ያንን ጎልማሳ ልብ አላልኩትም። አሁን በዓይነ ኅሊናዬ ሳየው የሁለቱ አረማመድ አንድ ነበር፤ ግን ይህንን በኋላ የፈጠርኩት ሊሆን ስለሚችል አትመኑኝ።

ሁለት ወይም ሦስት ጉድጓድ ተከተልኩትና ሰዓቴን አየሁ። ኪሴ ውስጥ ወረቀትና ክር ነበር። ወረቀቱ ከአዲስ አበባ የመጣ የዕቃ ዝርዝር ነው፤ ውጭ አገር የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ክሩ ደግሞ የአለቃዬ ልጅ እግር ነው። አለቃዬ፣ ስሙን አልጠራም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጋዜጣችን አንድ ነጠላ ሰረዝ የማያልፈው ሰው ነበር። ያሳደገኝ እሱ ነው። ስነሳ ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ «ለልጄ የትምህርት ቤት ጫማ፣ ጥቁር፣ ጠንካራ። የእንግሊዞች ቁጥር ከእኛ ስለሚለይ በዚህ ለካ። ጣት የሚያህል ጨምርበት፤ እያደገች ነው» ብሎ በልጅቷ እግር ልክ የተቆረጠ ክር ሰጠኝ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ አገሬ በራሪ ነኝ። ሱቆቹ ሊዘጉ ነው። አንድ ሽማግሌ ሣር ላይ ሲራመድ ለማየት ብዬ የአለቃዬን ልጅ በባዶ እግሯ ላስቀር ነው? እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ወጥቼ ሄድኩ።

ሱቁ ውስጥ እኔና ሻጯ ብቻ ነበርን። ክሩን አውጥቼ ጫማው ውስጥ ስዘረጋ አየችኝና ምንም ሳትል ሌላ ሣጥን አመጣች፤ ከዚያ ሌላ። አራተኛው ላይ ክሩ ልክ ገብቶ ጣት የሚያህል ተረፈ። ሒሳብ ስትቀበለኝ «ከተማው ሁሉ ታች ነው፤ እኔና አንተ ብቻ ቀረን» አለችኝ። ደረሰኙን ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው። ያንን ደረሰኝ ልብ በሉልኝ።

የአውቶቡስ ጣቢያው ከመጨረሻው ጉድጓድ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። አውቶቡሱ ሊወጣ ሲል ደረስኩና ተሳፈርኩ። የኒክላውስ ስንብት እኔ ጫማ ይዤ ተራ ስጠብቅ አለቀ።

ማታ ዳንዲ ላይ ቴሌቪዥን ከፈትን። የአክስቴ ልጅ ሕፃን ተኝቶ ስለነበር ድምፁን አጠፋነው። ያኔ አየሁ፤ በትንሿ የድንጋይ ድልድይ ላይ ቆሞ ሲያውለበልብ። ድልድዩ ስዊልካን ይባላል፤ ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ካለው የፖርቹጋል ድልድይ በጣም ያነሰ ነው፤ የዛሬ 700 ዓመት ገደማ እረኞች ከብት እንዲያሻግሩበት የተሠራ ነው ይባላል። ዋትሰን ዓይኑን ይጠርጋል። ከዚያ ኒክላውስ ከ4 ሜትር ከፍ ካለ ርቀት የመጨረሻዋን ኳስ መታ፣ ገባች። በጎልፍ ያነሰ የመታ ነው የሚያሸንፈው፤ ለዚያ ጉድጓድ ከሚጠበቀው በአንድ ያነሰ ምት ጨረሰ። ወደ ቅዳሜው ዙር ለማለፍ ግን በሁለት ቀኑ ድምር ሁለት ምት በዝቶበት ነበር። አምልጦት ተሰናበተ ማለት ነው፤ ግን በትክክለኛ ምት።

በዚያው ሌሊት የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «ከድልድዩ ሃያ እርምጃ ርቄ ቆሜ» ብዬ ጀመርኩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓታት እግር በእግር እንደተከተልኩት፣ ሰዓቱን ሳይቀር ጠቅሼ፣ ጻፍኩ። ድምፅ በሌለው ቴሌቪዥን ያየሁትን ሁሉ በዓይኔ ብሌን ያየሁት አደረግኩት። የአንባቢ ልብ እንዲነካ ደግሞ አንድ ነገር ከራሴ ጨመርኩ፤ «ለቀኑ በገንዘብ የተቀጠረው ዱላ ተሸካሚ እንኳ እንባውን መግታት አቅቶት ነበር» የሚል። «እንኳ» የምትለዋን ቃል ስጽፍ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ስለ ጎልፍ ምንም የማያውቅ ሕዝብ ያንን ጽሑፍ ወደደው። ደብዳቤ መጣ። አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ እጄን ጨበጠኝ።

ጫማውም ልክ ሆነ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አለቃዬ ወደ ቢሮው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነገር ነበር፤ ጽሑፌ የወጣበት ጋዜጣ፣ ከውጭ የመጣ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሔት፣ ትንሽ የተጣጠፈ ወረቀት። መጽሔቱን ወደ እኔ ገፋው። አንድ ዓረፍተ ነገር በእርሳስ ተሰምሮበታል። በስንብቱ ቀን ለጃክ ኒክላውስ ዱላ የተሸከመለት የገዛ ልጁ ስቲቭ ነው ይላል። ቀጥሎ፣ ስቲቭ ከአራት ወር ተኩል በፊት የ17 ወር ሕፃን ልጁን በውኃ አደጋ እንዳጣ፤ አያትና አባት ከዚያ ሐዘን በኋላ አብረው ጎልፍ በመጫወት ይጽናኑ እንደነበር ይናገራል።

በገንዘብ የተቀጠረ ያልኩት ያንን ሰው ነው።

የተጣጠፈውን ወረቀት አልገፋልኝም፤ እዚያው ሆኖ አወቅኩት። የጫማው ደረሰኝ። ሰዓቱ በግልጽ ታትሞበታል፤ ኒክላውስን እግር በእግር እየተከተልኩ ነበር ባልኩበት ሰዓት ከሱቅ ጫማ ገዝቻለሁ። ያ ሰው ነጠላ ሰረዝ እንደማያልፈው ነግሬያችኋለሁ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እርማቱን እኔ ላውጣው ወይስ አንተ ትጽፈዋለህ?» አለኝ። «እጽፈዋለሁ ጋሼ» አልኩ። «ጥሩ» አለና መነጽሩን አድርጎ ወደ ሌላ ጽሑፍ ዞረ።

አልጻፍኩትም። በዚያ ሳምንት ሌላ ሥራ በዛ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ነገሩ የቀዘቀዘ መሰለኝ፤ ከወር በኋላ ደግሞ ስለ ጎልፍ እርማት ማውጣት መሳቂያ ያደርገኛል አልኩ። እሱም ዳግመኛ አልጠየቀኝም። እኔን ለመጠበቅ ይሁን፣ በጫማው ምክንያት ራሱን ጥፋተኛ አድርጎ ይሁን፣ ወይስ መጠየቁ የእኔ ድርሻ ነው ብሎ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጡረታ ሲወጣ በሽኝቱ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነበርኩ፤ ንግግር ያደረግኩትም እኔ ነኝ፤ ወንበር ሳይቀር ሰብስቤያለሁ። በር ላይ ስንሳሳም ልናገር አፌን ከፍቼ «ጤና ይስጥልን ጋሼ» አልኩት።

እንግዲህ ልጄ፣ ማን ይጎዳል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ስቲቭ ኒክላውስ የእኛን ጋዜጣ አያነብም፤ እሱ አልተጎዳም። አንባቢም ጥሩ ነገር አነበብኩ ብሎ ተኛ። ለረጅም ጊዜ የተጎዳ የለም ብዬ ራሴን ሳሳምን ኖሬያለሁ። ግን እዩልኝ፤ ዓይኔ ሥር አንድ አባት ነበር፣ ልጁን ቀብሮ የአባቱን ዱላ ተሸክሞ የሚራመድ። አላየሁትም። አለማየቴ ሳይበቃ በእሱ ቦታ የራሴን ሰው ፈጥሬ አቆምኩበት። የፈጠርኩት ሰው ከእውነተኛው ምን ያህል እንደሚያንስ ተመልከቱ።

ይህን ስል ሁልጊዜ ሜዳው ላይ ካልተገኛችሁ አትጻፉ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከጻፍኳቸው ሁሉ የምወደው መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመበት ቀን ነው፤ እኔ ያን ቀን ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነበርኩ። የጻፍኩትም የሻይ ቤቱን ነው። አስተናጋጁ ትሪውን አናቱ ላይ ይዞ እንደቀረ፣ አንድ ሽማግሌ ማየት ፈርተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው «ንገሩኝ፣ ንገሩኝ» እንዳሉ። ሲድኒ ነበርኩ አላልኩም። ታዲያ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ነካኝ? ውጭ አገር መሄዴ ይመስለኛል። ወጪ ተደርጎብኝ ሄጄ፣ አውቶቡስ ተራ ሆኜ ሰማሁ ማለት አሳፈረኝ።

ስለ ኃይሌ ካነሳሁ፣ በኅዳር 2010 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት ሲያቋርጥ እያለቀሰ አቆምኩ አለና ብዙ ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ። ያኔ አንዳንዶቻችሁ፣ ወይም አባቶቻችሁ፣ ሳቃችሁበት። ኒክላውስም ቢሆን በ2000 እ.ኤ.አ. በዚያው ድልድይ ላይ ቆሞ አውለብልቦ ነበር፤ ብዙ ሰው የመጨረሻው ነው ብሎ ሸኝቶታል። ሰው ከሚወደው ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ አይሰናበትም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ጡረታ ወጥቼ ይኸው አሁንም እጽፋለሁ።

እናንተን የምወቅስበት አንድ ነገር አለኝ። ሁሉን ትቀርጻላችሁ፤ ስትቀርጹ ግን ስክሪኑን እንጂ ሰውየውን አታዩም። ባለፈው ስታዲየም አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ግቧን በስልኩ መዝግቦ፣ ግብ አግቢው ማን እንደሆነ እኔን ጠየቀኝ። ግን በዚህ ደግሞ ትበልጡናላችሁ፤ እኛ አለቃን እንዲህ ያለ ጥያቄ በአደባባይ አንጠይቅም ነበር። ብጠይቅ ኖሮ ምናልባት አለቃዬ ይመልስልኝ ነበር።

የአምስት ፓውንዱ ኖት አሁንም አለኝ፤ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው፤ ልጆቼ ዋጋው ጨምሮ ይሆናል ሽጠው ይሉኛል። እርማቱን በሃያ ዓመቱ እነሆ አወጣሁት። የቀረው ያን ቀን መጻፍ የነበረብኝ ነገር ነው፤ እሱንም አሁን ልጻፈው።

የአውቶቡስ ተራ ላይ ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ነበርን። እኔ በአንድ እጄ የጫማ ሣጥን፣ በሌላው የትርፍ ሹራብ ይዣለሁ። ከፊቴ አንዲት ባልቴት በሁለት ከረጢት ድንችና ወተት ተሸክማለች። መጀመሪያ ከባሕሩ በኩል ዝናብ የመጣ መሰለኝ። ከዚያ ከጣራዎቹ በላይ ከፍ አለ፤ ጭብጨባ ነው፣ ግን እንደ ኳስ ሜዳ አይጮኽም፤ ዝቅ ይላል፣ ይሰነብታል፣ እንደገና ይነሳል። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ፍጹም ጸጥታ ሆነ፤ እንዲያ ያለ ሕዝብ ባለበት ከተማ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ባልቴቷ ከረጢቶቿን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረች። ጩኸቱ አንዴ ፈነዳ። ሹፌሩ «አገባት» አለ። ባልቴቷ ወደ ድምፁ አቅጣጫ እንደዞረች ቆየች፤ ከዚያ ከረጢቶቿን አነሳችና «በቃ ሄደ» ብላ ቀድማኝ ተሳፈረች።